ከዛፉ ሥር የቆመው ሰው

(ዛፍ ላይ ወጥተው ለሚሠሩ ሠራተኞችና ለአሠሪዎቻቸው የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁት ባህር ዛፍ የምትቆርጡ፣ በየግቢው ቅርንጫፍ የምትመለምሉ፣ በመንገድ ዳርና በመብራት ገመድ ሥር ያለውን ዛፍ የምትከረክሙ፣ ሥራውንም በቁርጥ ወስዳችሁ የምታሠሩ ናችሁ። ስለ አወጣጥም ሆነ ስለ አቆራረጥ ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ስለ ደም ልነግራችሁ ነው። ለረጅም ጊዜ በድንገተኛ ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። በመጥረቢያ፣ በገጀራና በሞተር መጋዝ የተቆረጡ የዛፍ ሠራተኞችን ተቀብያለሁ። ብዙ ደም ከሚያፈስስ ቁስል የተረፉት ሰዎች እኛ ጋ ሲደርሱ ደማቸው ቀድሞ ቆሞ ነበር። ያቆመውም ሐኪም አልነበረም፤ ከዛፉ ሥር ቆሞ ገመድ ሲይዝ የነበረ የሥራ ጓደኛ ነው።

ስለዚህ ንግግሬ ወደ ላይ ለሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም። ይበልጡን ታች ለሚቀረው ነው።

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ እንነጋገር። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ የሚዘዋወረው ደም ከ4 ሊትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው ከፈሰሰ፣ ማለትም ባለ 2 ሊትሩ ሃይላንድ እንኳን ሳይሞላ፣ ሰውየው ሞት አፋፍ ላይ ደርሷል። ልብ ደግሞ በእረፍት ጊዜ እንኳን በየደቂቃው ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ደም ትረጫለች። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ልቡ ከዚያም በላይ ትሠራለች። ትልቁ የጭን ደም ወሳጅ ከተቆረጠ ሕይወት ለማለፍ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚደርስ አምቡላንስ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀልን 907 ወይም የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939 ወዲያው ብትደውሉና ወዲያው ቢያነሱላችሁ እንኳን፣ መኪናው የከተማውን መንገድ አልፎ እስኪደርስ ጉዳዩ አልቋል። ደውሉ፣ መደወሉ ግዴታ ነው። ግን አንዱ ሲደውል ሌላው እጁ ቁስሉ ላይ መሆን አለበት።

አሁን ሁላችሁንም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁለት ጣታችሁን ብሽሽታችሁ ላይ፣ ጭናችሁ ከሆዳችሁ በሚገናኝበት እጥፋት መሐል ላይ አሳርፉ። ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ። ካላገኛችሁት ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ትንሽ ወደ ውጭ ፈልጉት። አሁን ከጣታችሁ ሥር የሚመታው ያ ነው። ውፍረቱ ትንሽ ጣት አያክልም፤ ከቆዳው ሥርም ብዙ ርቆ አልተቀበረም። እግራችሁን ግንዱ ላይ ጠምጥማችሁ፣ ግንዱን በጉልበታችሁ መሐል ይዛችሁ ገጀራ ስትሰነዝሩ፣ ስለቱ ከሚያልፍበት አየር ያ የሚመታው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት።

ይህ ሥራ ሰውን የሚያቆስለው እንዳጋጣሚ በተገኘው ቦታ አይደለም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ግንዱን በግራ ክንዱ አቅፎ በቀኝ እጁ ይቆርጣል። ስለቱ ሲነጥርበት የሚያገኘው የግራ እጁን አንጓ፣ የግራ ክንዱን፣ የግራ ጉልበቱንና ጭኑን ነው። ሞተር መጋዝ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የመጋዙ ጫፍ ሳይታሰብ ቅርንጫፍ ከነካ መጋዙ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይመታል፤ ሰው አይቶ ከመሸሹ በፊት የሆነው ሆኗል። የሚያርፈው አንገት፣ ትከሻና ፊት ላይ ነው። ዛፍ ላይ ሆነው መጋዙን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ቅርንጫፉን የሚደግፉ ሰዎችን ሁላችንም አይተናል። ያ ልማድ ክንድ ይበላል። የመጋዝ ቁስል እንደ ገጀራ ቁስል በአንድ መስመር የተቀደደ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ሥጋውን እየቦጨቀ ሰፊና ያልተስተካከለ ጉድጓድ ጥሎ ያልፋል፣ ውስጡም ልብስና የእንጨት ብናኝ ይቀራል። ለሞተር መጋዝ የተሠራ ሱሪ የሚባለው ለዚህ ነው የተፈጠረው። በውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ሲቆረጡ ተስበው ማርሹ ውስጥ ገብተው ይጠመጠሙና ሰንሰለቱን ያቆሙታል። ያንን ሱሪ ያላገኘ ሰው ከዚህ በታች የምናገረውን ይበልጥ ይፈልገዋል።

ወደ እርዳታው ልግባ። የቆዩት የመጀመሪያ እርዳታ መጻሕፍት ይጀምሩ የነበሩት ከአየር መተላለፊያና ከትንፋሽ ነው። ዛሬ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ካለ ከእሱ ይጀመራል። ሰውየው ከዛፍ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቶ ይሆናል ብለን ብንሠጋ እንኳን ደሙን ማቆም ይቀድማል። አከርካሪውን ሳናጣምም፣ ሳንገለብጠው፣ ባለበት እንዳለ ደሙን እናቆማለን። ብዙ ጊዜ የማየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ይጮሃል፣ የተጎዳውን ብብቱን ይዞ ያስቀምጠዋል፣ ፊቱ ላይ ውሃ ይረጭበታል፣ ከዚያ አጣጥፎ ባጃጅ ውስጥ ይከተዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ቁስሉን የያዘ አንድ እጅ የለም። የሁሉም ሐሳብ መልካም ነው፤ ሁሉም ሊረዳው ይፈልጋል። ሰውየው ግን በመልካም ሐሳብ ተከብቦ ደሙ ያልቃል።

ለሕይወት የሚያሰጋ ደም የቱ ነው? የሚተፋ፣ በልብ ምት ልክ እየዘለለ የሚወጣ፤ ሳይዘል እንኳን ያለማቋረጥ የሚወርድ፤ መሬት ላይ የሚጠራቀም፤ ሱሪውን ዘልቆ ጫማው ውስጥ የሚገባ፤ ወይም ቁስሉ ምንም ይሁን ምን ሰውየው መዘባረቅ የጀመረበት። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ፤ ደም ማጣቱ ከቁስሉ ብቻ ሳይሆን ከሰውየው ከራሱም ይታወቃል። ስለ መገርጣት ሲነገር ብዙ መጻሕፍት የነጭ ቆዳን አስበው ነው የጻፉት። በእኛ ቆዳ ላይ መገርጣት ፊት ላይ ቶሎ አይታይም። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ፤ የከንፈሩን ውስጥ፣ የመዳፉን መስመር፣ የጥፍሩን ሥር እዩ። ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይቁነጠነጣል፣ «ምንም አልሆንኩም፣ ልቀቁኝ» ይላል። የሚቁነጠነጥ ሰው ደህና ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አንጎሉ ደም እያጣ ነው።

ደም የሚቆመው በጫና ነው። ይህንን አንድ ነገር ከያዛችሁልኝ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። ቡና ደም አያቆምም። አመድም፣ አፈርም፣ የሸረሪት ድርም አያቆሙም። ትንሽ ቁስል በራሱ ጊዜ ደሙ ይረጋል፤ የተነሰነሰው ቡና ምስጋናውን ይወስዳል። እናቶቻችን ያዩት ያንን ነው፤ ያላቸውን ይዘው ለልጃቸው የደረሱ ሰዎች ስለሆኑ አልወቅሳቸውም። ከተቆረጠ ደም ወሳጅ ላይ ግን ቡናው በደሙ ታጥቦ ይሄዳል፤ የቀረው ሥጋ ውስጥ ይገባና ቀዶ ሐኪሙ ሲያጥበው ይውላል። ከሁሉ የከፋው ግን ቡናውን ለመፈለግ ሲሮጥ የሚጠፋው ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ጫና እንዴት ይደረጋል? ልብሱን ቅደዱት። ቁስሉን በዓይናችሁ ሳታዩ አትጫኑ፤ ደሙ ከየት እንደሚወጣ እወቁ። እጃችሁን ለመከላከል ጓንት ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። የታጠፈ ጨርቅ ደሙ በሚወጣበት ነጥብ ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን እጆቻችሁን ደራርባችሁ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። ሰውየው ጠንካራ ነገር ላይ፣ መሬት ላይ መተኛት አለበት፤ ከታች የሚመልስ ነገር ከሌለ ጫናው ባዶ ይሆናል። ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጨርቁን ገልጣችሁ አትመልከቱ። እየገለጡ «ቆመ እንዴ?» ማለት የረጋውን መልሶ መክፈት ነው። ደሙ በጨርቁ አልፎ ከመጣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ መከመር አይረዳም። ክምሩ ደሙን ይጠጣል እንጂ አያቆምም። እጃችሁ ትክክለኛው ነጥብ ላይ አለመሆኑን ጠርጥሩ።

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ በተለይ ማሰሪያ በማይያዝበት ቦታ፣ ማለትም በብሽሽት፣ በብብትና በትከሻ እጥፋት፣ በአንገት ሥር ከሆነ፣ ከላይ መጫን ብቻ አይበቃም። ጨርቁን ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ይህንን ስናገር ፊታችሁ እንደሚጨማደድ አያለሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ከባድ ነው። ጣታችሁን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታችሁ ሞቅ ያለው ደም የሚገፋበትን ቦታ ፈልጉ። ያንን ነጥብ በጣታችሁ እንደያዛችሁ በሌላው እጃችሁ የነጠላ ወይም የፋሻ ጫፍ ከጣታችሁ ሥር ጀምራችሁ እያጠፋችሁ አስገቡ፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ከአፉ እስኪተርፍ ድረስ ጠቅጥቁ። ከዚያ ከላይ ተጫኑ። ሰውየው ይጮሃል። «አውቃለሁ ያማል፣ ደምህን እያቆምኩ ነው» በሉት፤ ስሙን እየጠራችሁ አነጋግሩት። ጨርቁ ንጹሕ ቢሆን ይመረጣል። ንጹሕ ካልተገኘ ያለውን ተጠቀሙ። ለቁስል መመረዝ መድኃኒት አለው፣ ለመንጋጋ ቆልፍም መርፌ አለው። ለፈሰሰ ደም ግን በዚያ ሰዓት እናንተ ጋ ምንም ምትክ የለም። ደረትና ሆድ ውስጥ ግን አትጠቅጥቁ፤ እዚያ ያለውን የሚያቆመው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፣ ሩጫው ወደዚያ ይሁን። አንገት ላይም ዙሪያውን ጠምጥማችሁ አትሰሩ፤ በእጅ ያዙት።

አሁን ወደ ማሰሪያው፣ ቱርኒኬት ወደሚባለው ልምጣ። በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ክንድና እግር ላይ ለሚደርስ ከባድ መድማት ከሁሉ የላቀው መሣሪያ ይህ ሲሆን፣ በስፋት የሚፈራውም ይኸው ነው። «እግሩን ያስቆርጠዋል» እየተባለ እንደ መጨረሻ አማራጭ ሲነገር ኖሯል። ፍርሃቱ የተለወጠው በጦር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባግዳድ ውስጥ በነበረ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል፣ በማሰሪያ የታሰሩ 232 ቁስለኞች አንድ በአንድ ተጠኑ። ደም አጥተው ከመዝለፍለፋቸው በፊት ከታሰረላቸው ውስጥ 90 በመቶው ተረፉ። ከተዝለፈለፉ በኋላ ከታሰረላቸው ውስጥ የተረፉት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። በማሰሪያው ምክንያት እግሩን ወይም እጁን ያጣ አንድም ሰው አልተገኘም። መሣሪያው አንድ ነው፣ ቁስሉም ተመሳሳይ ነው፤ የለየው ጥቂት ደቂቃ መቅደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተራውን ሰው፣ መምህሩንና ሾፌሩን ደም ማቆም የሚያስተምር ሰፊ ዘመቻ የተጀመረውም ከዚህ ዓይነት ትምህርት ተነሥቶ ነው።

እግር ያስቆርጣል የሚለው ፍርሃት ያለ ምክንያት አልተነሣም። ያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ አስተሳሰር ነው። በእኛ አገር የተቆረጠ ሰው የሚታሰረው በሲባጎ፣ በሽቦ፣ በቀጭን ገመድ ነው። ቀጭን ነገር ሥጋና ነርቭ ይቆርጣል። ከዚህም በላይ ላላ ተደርጎ ሲታሰር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም መላሽ ብቻ ይዘጋና ከውስጥ የሚመጣውን ደም ወሳጅ ይተወዋል። ያኔ ደም ይገባል፣ የሚመለስበት መንገድ ግን ያጣል፤ በቁስሉ በኩል ከበፊቱ ይበልጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ማሰሪያ ሁለት ነገር መሆን አለበት፦ ሰፊና ጥብቅ። ስፋቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር አያንስ። ጥብቀቱም ደሙ እስኪቆም ነው፤ ሰውየው «በቃ፣ አመመኝ» እስኪል አይደለም። በትክክል የታሰረ ማሰሪያ በጣም ያማል። ሕመሙ አጥብቃችሁ ማሰራችሁን ይነግራችኋል እንጂ እንድታላሉት አይጠይቃችሁም።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን፣ መጠምዘዣ ያለውን ማግኘት የምትችሉ እሱን ግዙ፤ በቤት ከሚሠራው እጅግ ይሻላል። ከሌለ እንዲህ ይሠራል። ይህ ያረጀ ነጠላ ነው። በቁመቱ ቀድጄዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አጥፌ አራት ጣት ስፋት እንዲኖረው አድርጌዋለሁ፣ እንዳይጠቀለልና ገመድ እንዳይሆን ጠፍጣፋነቱን እጠብቃለሁ። ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብዬ፣ በቁስሉና በልብ መካከል አሳርፈዋለሁ። ቁስሉን በደንብ ማየት ካልቻልኩ ወይም ብዙ ቦታ ከደማ፣ እስከሚቻለው ድረስ ወደ ላይ፣ ብብት ወይም ብሽሽት ሥር ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ። ጉልበትና ክርን ላይ አላስርም፤ መገጣጠሚያ ላይ ደም ወሳጁ አይጨፈለቅልኝም። ኪሱ ውስጥ ስልክና ቁልፍ እንዳለ ከላዩ አላስርም፣ አወጣዋለሁ። ሁለት ጊዜ ዞሬ አንድ ጊዜ እቋጥራለሁ። ቋጠሮው ላይ እንጨት አስቀምጣለሁ። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ እርጥብና የማይሰበር፣ ርዝመቱ ከአንድ መዳፍ የሚበልጥ። እናንተ እንጨት አታጡም። ከዚያ በላዩ ሌላ ቋጠሮ። አሁን እንጨቱን አዞረዋለሁ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቁስሉን እያየሁ። ደሙ ሲቆም አቆማለሁ። እንጨቱ ተመልሶ እንዳይፈታ ጫፉን በሌላ ጨርቅ ከእግሩ ጋር አስረዋለሁ። ከዚያ ሰዓቱን በጨርቁ ላይ ወይም በግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ታሰረ?» ብሎ ነው።

ደሙ ካልቆመ ከላዩ ሁለተኛ ይታሰራል። የመጀመሪያው አይፈታም። «በየሩብ ሰዓቱ ፈታ እያደረጋችሁ ደም ይዙር» የሚባለውን እባካችሁ እርሱት። እያንዳንዱ መፍታት የረጋውን ደም ያጥበዋል፤ ሰውየው በትንሽ በትንሹ ባዶ ይሆናል። ጤና ባለሙያ ጋ እስኪደርስ አይፈታም። የቀበቶ ነገርም ይጠየቃል። የቆዳ ቀበቶ ለመጠምዘዝ ስለማይመች በጉልበት ብቻ በቂ ጥብቀት ማግኘት ይከብዳል። ጨርቅና እንጨት ይሻላል።

ማሰሪያ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ለእግሩ የሚያሰጋ ነገር አነስተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሥጋቱ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ነገር ከተማ ላለን ብዙ አያስጨንቅም። የማስበው ግን በካፋና በሸካ ጫካ ቀፎ ለመስቀል ረጃጅም ዛፍ ላይ የሚወጡትን ወገኖቻችንን ነው። ማሩን በጨለማ፣ በጭስ ውስጥ፣ ከመሬት ርቀው ነው የሚቆርጡት። አንዱ ቢጎዳ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና የሚገኝበት ለመድረስ ብዙ መንገድ ይጠብቃቸዋል። እነሱም ማሰሪያውን በራሳቸው አይፍቱት። መንገድ ላይ ያለችውን ጤና ኬላ አይለፏት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጥሯት፣ ወደ ፊት የሚወስደውን መኪና ስልክ ደውላ ታስጠብቅላቸው። እግርና ሕይወት ካወዳደርን ሕይወት ይቀድማል፤ እሱን ዛፍ ላይ ያልወጣ ሰውም ያውቀዋል።

አሁን ከዛፉ ላይ ያለውን እናስብ። ቁስሉ የደረሰው እላይ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሆንስ? የመጀመሪያው እርዳታ የራሱ እጅ ነው። መጋዙን ያጥፋ፣ ገጀራውን ሰው የሌለበት አቅጣጫ ይጣል፣ ጮክ ብሎ «ተቆረጥኩ!» ይበል። ወንድ ልጅ አይጮህም፣ እችለዋለሁ እያለ ዝም ያለ ሰው ታች ሲደርስ እግሩ አይቆምም። ክንዱ ከሆነ ማሰሪያውን በአንድ እጁ ማሰር እንዲችል ቀድሞ ተለማምዶ ይሁን። ጥርስም እጅ ነው፣ በጥርሱ ይሳብ። ማሰሪያው መሬት ላይ ያለ ቦርሳ ውስጥ ወይም በአሠሪው ፒክ አፕ ውስጥ ከሆነ ለእሱ የለም። ወገቡ ላይ፣ በግራም በቀኝም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይንጠልጠል። ከዚያ አቅም እያለው ይውረድ። ራሱን እስኪስት መጠበቅ የለበትም፤ ገመድ ላይ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰውን ማውረድ ከሁሉ የከፋው ሥራ ነው።

ታች ያለው ጓደኛ ደግሞ ያለ ገመድ ዘሎ አይውጣ። መጀመሪያ ወደ ላይ ይመልከት፤ የመብራት ገመድ አለ? ሊወድቅ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አለ? ሁለት ተጎጂ ከአንድ ይከፋል። ሥራው ሲጀመር ሁለተኛ መወጣጫ ገመድና መውጣት የሚችል ሁለተኛ ሰው በቦታው ከሌለ ያ ሥራ ገና አልተጀመረም ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ ታች የሚቀረው ገመድ የሚጎትት፣ ሰው እንዳያልፍ የሚከለክል፣ ሥራውን ገና የሚለምድ ልጅ ነው። ክፍያውም ዝቅ ያለ ነው። እኔ የምላችሁ ይህ ነው፦ በዚያ ቡድን ውስጥ ደም ማቆም በደንብ መማር ያለበት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። መጥረቢያ ከመያዙ በፊት ይህንን ይማር።

አንዳንድ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቅርንጫፍ ወይም ጉቶ ሰውነቱ ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ አትንቀሉት፤ መድፈኛው እሱ ነው። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጉና ረጅም ከሆነ ከሰውነቱ ውጭ ያለውን ቁረጡት። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ በፌስታል ቋጥሩት፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጉ፤ በረዶው ጣቱን በቀጥታ አይንካው። ጣቱን ፍለጋ ግን ሰውየውን አታዘግዩ። የሚበላና የሚጠጣ አትስጡት፤ ውሃ ቢለምንም ከንፈሩን ብቻ አርጥቡለት፣ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል።

ሙቀትን ግን ቶሎ ብዬ አላልፍም። የቀዘቀዘ ደም በደንብ አይረጋም። እንጦጦ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ነፋስ ውስጥ፣ ላብ ባረጠበው ሸሚዝ፣ እርጥብ መሬት ላይ የተኛ ሰው በፀሐይ እንኳን ይቀዘቅዛል። ከላይ ብታለብሱት ከታች መሬቱ ይስበዋል። ቅጠል፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ያላችሁን ከሥሩ አንጥፉ፤ ጋቢ ደርቡበት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁለት። ደሙን ካቆማችሁ በኋላ ልታደርጉለት የምትችሉት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ስትወስዱት ወደ የት? ቅርብ ነው ብላችሁ ቀዶ ሕክምናም ደምም ወደሌለበት ቦታ ከወሰዳችሁት ሁለተኛ ጉዞ ይጠብቀዋል። ከመነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ጊዜው የሚቆጠርበት ሌላም ምክንያት አለ። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚረዳ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ርካሽ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ፣ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ተጎጂዎች በተሳተፉበት ጥናት ሞት እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ጥቅሙ ግን ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒቱ ቢኖርም ሰውየው በ5ኛው ሰዓት ከደረሰ ይህ ዕድል አልፎታል። መኪና ውስጥም እጃችሁን ከቁስሉ ላይ አታንሱ፤ አንድ ሰው ሥራው ይህ ብቻ ሆኖ ይሂድ።

ለአሠሪዎች አንድ ቃል አለኝ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ ጥሎበታል። የዛፍ ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው የሚዋዋለው፤ «ይህንን ዛፍ በዚህን ያህል» ተብሎ። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይቸኩላል፣ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ይወጣል፣ ስለቱ ሲደነዝዝ ሳይስል ይቀጥላል። ያ ነው የሚያቆስለው። በአፍ የተያዘ ውል ነው ብላችሁ ኃላፊነቱ የወረደላችሁ አይምሰላችሁ። ዛፉን ለሠራተኛው ስታሳዩ «ታች ማን ይቆማል? ማሰሪያችሁ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ለዚያ ቀን ሥራውን አሳድሩት። እኔ ከእናንተ ከባድ ነገር አልጠየቅሁም። አንድ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ማሰሪያ፣ ጥቂት ጥቅል ፋሻና አንድ ጥንድ ጓንት በሥራው ዋጋ ውስጥ አይታወቁም።

እናንተ የቤት ባለቤቶችም ካላችሁ ይህ ይመለከታችኋል። ዛፋችሁን የሚመለምለው ሰው አጥራችሁ ውስጥ እያለ ቤታችሁ ውስጥ ያረጀ ነጠላ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ስልክ አለ። የት እንዳለ ንገሩት።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ ነጠላ፣ የባህር ዛፍ እንጨት፣ አምስት ተዘጋጅቶ የተሠራ ማሰሪያና ለመጠቅጠቂያ የሚሆን በስፖንጅ የተሠራ ቁስል አለ። ጥንድ ጥንድ ሁኑ። ገመድ የምትጎትቱ ልጆች ከፊት ኑ፤ መጀመሪያ የምታስሩት እናንተ ናችሁ። አንዳችሁ ትተኛላችሁ፣ አንዳችሁ ታስራላችሁ። እግር ላይ ስታስሩ ቁርጭምጭሚቱ ከውስጥ በኩል ያለውን የደም ምት በጣታችሁ ያዙ፤ ምቱ እስኪጠፋ አዙሩት፣ ሲጠፋ እጃችሁን አንሱልኝ፤ ለልምምድ ስለሆነ ወዲያው ትፈቱታላችሁ። ከዚያ ተለዋወጡ። ከዚያ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በአንድ እጅ፣ በራሳችሁ ክንድ ላይ። ሰዓት እይዛለሁ።